ትሪገር የተባልኩበት ዓመት

መብራት ሲጠፋ ክብሪት እጭራለሁ፤ የድኙ ሽታ አፍንጫዬን ሲሰነፍጠው ታዲያ፣ ይህን ሁሉ ሽበት ይዤ፣ ከንፈሬ ሳላዘው «ስፓርክ» ይላል። ልጆቼ እናታችን ጃጀች እያሉ ይሳሳቃሉ። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት አዳማ ያለው ቤቴ ውስጥ አይደለሁም፤ አሰላ፣ የጭላሎ ብርድ በተሰበረው መስኮት ሰተት ብሎ በሚገባበት የሰባተኛ ክፍል አግዳሚ ላይ፣ እግሬን ቀሚሴ ውስጥ አጣጥፌ ተቀምጫለሁ።

እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ቲቸር ስዩም ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ቀጭን ወጣት። አንድ መጽሐፍ ለአራት እንካፈል ስለነበር፣ «ወረቀት ላይ ያለ ቃል አይጥ ይበላዋል፤ ሰው ላይ ያለ ግን ይኖራል» ይልና፣ አንድን ነገር ድንገት ማስጀመርን የሚናገሩትን የእንግሊዝኛ ግሦች የክርስትና ስም እንደሚያወጣ ቄስ አደለን። ገመቹ ስፓርክ ሆነ፤ ሲጠራ ተነስቶ ሁለት ባልጩት እያጋጨ ብልጭታ ያወጣል። አስካለ ኢግናይት ተባለችና ኩራዝ ትለኩሳለች። እኔ ትሪገር ነበርኩ፤ ድርሻዬም ከቤት ያመጣሁትን የአይጥ ወጥመድ ጠረጴዛው ላይ አጥምጄ በእርሳስ ጫፍ ነካ ማድረግ ነው። ጧ! ሲል፣ እንደሚጮህ እያወቀ፣ ክፍሉ በሙሉ ይዘላል፤ ቲቸርም አብሮን ይዘላል። «አያችሁ፣ ትሪገር ማለት ትንሽ ነክቶ ትልቅ ነገር ማስነሳት ነው» ይለን ነበር። ስሞቹን ስለወደድናቸው ከክፍል ይዘናቸው ወጣን፤ በሰፈርም በሜዳም የምንጠራራው በእነሱ ሆነ።

ጊዜው ግን ቀይ ሽብር ነበር። ኅቡዕ የገቡ ወጣቶች በተለወጠ ስም ይጠራራሉ ስለሚባል፣ የአብዮት ጠባቂዎቹ ጆሮ ያልለመደውን ስም ሲሰማ ይቆም ነበር። ትልልቆቹ ይህን ያውቃሉ፤ እኛ ልጆች ነበርን፣ አናውቅም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ የጨርቅ ኳስ ሲጫወቱ «ስፓርክ፣ አቀብል! ስፓርክ!» የሚለውን ጩኸት አንድ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ ቆሞ ሰማ። ገመቹን ጠርቶ ስሙን ሲጠይቀው፣ ልጁ ላቡን እየጠረገ በልማድ «ስፓርክ» አለ። ማን እንዳወጣለት ሲጠየቅም ቲቸር ስዩም ነው ብሎ መለሰ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሳይመሽ ሁለቱም ቀበሌ ገቡ፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ቀበሌ የገባ ሁሉ አይወጣም ነበር።

እናቴ ወሬውን እንደሰማች ወጥመዱን ከአልጋ ሥር አውጥታ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። እንጨቱ ሲነድ፣ ሽቦው ቀልቶ ሲጣመም ቆሜ አየሁ። «ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ አበበች ነው፤ ሌላ ስም ካነሳሽ ምላስሽን እቆርጠዋለሁ» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት የገመቹ እናት፣ እትዬ ጫልቱ፣ ዓይናቸው አብጦ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቁን። «ኮታ! ኑ ልጆቼ! ልጄ የተማረውን እናንተም ተምራችሁ የለ? ኑና አሳዩልኝ» አሉ። ዳይሬክተሩ አይቶ እንዳላየ ቢሮው ገባ። ከልጆቹም አብዛኞቹ ወደኋላ ቀሩ፤ ማን ይፈርድባቸዋል። እኔ እናቴን እየፈራሁ፣ የእትዬ ጫልቱን ቀሚስ ጫፍ ይዤ ሄድኩ፤ አስካለም ተከተለችን።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጠና ያሉ የቀድሞ ወታደር ነበሩ፤ ሽጉጣቸው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ቲቸርና ገመቹ ጥግ ላይ መሬት ተቀምጠዋል፤ ቲቸር ቀና ብሎም አላየን። እትዬ ጫልቱ ተንበርክከው «ስሙ ትምህርት ነው ጌታዬ፣ እነሱን ይጠይቁልኝ» አሉ። አስካለ ኩራዝ በሌለበት በባዶ እጇ ለኮሰች። የሊቀመንበሩ ፊት አልተፈታም፤ ጣታቸውን ወደኔ ቀሰሩ።

«አንቺስ ማነሽ?»

የእናቴ ነገር ትዝ አለኝ። አበበች ብል እኔ እድናለሁ፤ ቲቸር ግን ውሸታም ይሆናል። «ትሪገር» አልኩ።

እንግሊዝኛ ባይዘልቁም ይህችን አንዲት ቃል ከወታደር ቤት ያውቋታል። «ቃታ!» አሉና ሽጉጡን ወደኔ ገፋ አደረጉት። «ይህንን መሳብ ነው ያስተማረሽ?»

ወጥመዴ አመድ ሆኗል። የማሳየው ነገር ሳጣ አንዱን መዳፌን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፣ ሌላውን በላዩ ደገንኩና «ጣትዎን እዚህ ያድርጉ» አልኳቸው። ለምን እሺ እንዳሉኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጣታቸው መዳፌን ነካ ሲያደርግ «ጧ!» ብዬ ያዝኩት።

ሊቀመንበሩ ከነወንበራቸው ወደኋላ ዘለሉ። አንድ ጠባቂ ሳቁ አመለጠውና ወዲያው አፉን ያዘ። እሳቸው ጣታቸውን ትንሽ ካዩት በኋላ «የአይጥ ወጥመድ!» ብለው ሳቁ፤ እኔ በበኩሌ፣ ምን ይደበቃል፣ ያን ጊዜ ሽንቴ አመለጠኝ። «ሁለተኛ፣ አባታችሁ ካወጣላችሁ ስም ሌላ እንዳልሰማ!» ብለው ሁለቱን ለቀቁልን።

ቲቸር ስዩም ወጣ፤ ክፍል የተመለሰው ግን ያ ሰው አልነበረም። ጣቱን ከመስመሩ ሳያነሳ ከመጽሐፉ ብቻ ያነብልን ጀመር፤ ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥም ዳግመኛ አላየሁም። በዓመቱ መጨረሻ ዝውውር ጠይቆ ሄደ፤ የት እንደደረሰ አልሰማሁም። የግሦቹ ትርጉም ዛሬም አልጠፋኝም። የጠፉኝ፣ እንደሚጮህ እያወቁ አብረውኝ ይዘሉ የነበሩት ናቸው።

ዓምና ለለቅሶ አሰላ ሄጄ መናኸሪያው ላይ ገመቹን አየሁት፤ ጸጉሩ ነጭ ሆኖ የሳጉሬን ሚኒባስ ይጠብቃል። ደስታዬ ቀድሞኝ «ስፓርክ!» ብዬ ጮህኩ። ወደኔ አልዞረም። መጀመሪያ ግራውን አየ፣ ቀጥሎ ቀኙን፣ ከዚያም ከኋላው ማን እንደቆመ። ከዚያ በኋላ ነው ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አበበች» ያለኝ።