ያልተነካው ትሪ

ባለፈው እሁድ ናይሮቢ ካሳራኒ ሰፈር፣ ወዳጄ ተስፋዬ ቤት ምሳ ተጠርቼ አርፍጄ ደረስኩ። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ፣ ማታቱው፣ በቲካ መንገድ መጨናነቅ ተይዞ ነበር። ስገባ ልጆቹም የልጅ ልጆቹም ትሪውን ከበው ተቀምጠዋል፤ ክዳኑ ግን አልተነሳም። እኔን እየጠበቁ ነበር።

በደርግ ዘመን ሸሽተን ናይሮቢ የገባን አራት ወጣቶች፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር እትዬ ለተብርሃን ቤት አንድ ክፍል ነበረን። እትዬ አማርኛን አዲስ አበባ የተማሩ አስመራዊት ናቸው። በሩዝና በስንዴ ዱቄት የሚጋግሩት እንጀራ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ከሁሉም በፊት የመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ራሴን እንደ ልጃቸው እቆጥር ነበር። ውሃ እቀዳለሁ፣ ከሰል እሸከማለሁ፣ «ጎበዝ» እስኪሉኝ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ። በኋላ ተስፋዬ መጣ።

አገር ቤት ታናሽ ወንድሙ ተገድሎበታል። ብዙም አይናገርም፤ ከተማውን ሲዞር ይውላል። እትዬም «ተስፋዬ ሳይመጣ ትሪው አይነካም» አሉ። እኔ ሳረፍድ ድርሻዬ በሰሃን ይቀመጥልኛል። እሱ ሲያረፍድ ቤቱ ሁሉ ይራባል! ቅናት አንገበገበኝ። ለመሆኑ አንድ ባልዲ ውሃ ቀድቶላቸው ያውቃል?

አንድ የሚያዝያ ቀን ዝናቡ ከጧት ጀምሮ አላባራም። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ተስፋዬ የለም፣ ሽሮውም በረደ።

«ከፈለገ ይምጣ፣ ካልፈለገ ይቅር!» ብዬ እጄን ሰደድኩ። ጣቴ ሽሮውን እንደነካ እትዬ ቀብ አድርገው ያዙኝ።

«እጅህን ሰብስብ! ሰው ይጠበቃል።»

«እኔንስ ማን ጠብቆኝ ያውቃል?» አልኩ። እንባዬ መጣ።

ወዲያው በሩ ተከፈተ። ተስፋዬ ነው፣ በዝናብ በስብሷል። ትሪውን አየ፣ እኛን አየ። እትዬ የት ነበርክ አላሉትም።

«እጅህን ታጠብ፣ ልጄ» አሉት።

ያቺ «ልጄ» የምትል ቃል ስንት ቀን አብግናኛለች!

ወራት ካለፉ በኋላ ነው ተስፋዬ የነገረኝ። ያን ቀን የወጣው ራሱን ሊያጠፋ ነበር። «ሰዓቱን ሳይ ግን፣ እነዚህ ሰዎች እኔን እየጠበቁ ርቧቸዋል አልኩ። ይብሉና እመለሳለሁ ብዬ መጣሁ» አለኝ። ከበላ በኋላ ግን ተመልሶ አልወጣም፤ ለእትዬ ሁሉን ነገራቸው። እሳቸውም ብቻውን አልተዉትም። በማግስቱ ይዘውት ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ከዚያም ደጋግመው። ትሪው ብቻውን አዳነው አልልም። እስከ ሐኪሙ በር ያደረሰው ግን እሱ ነው።

ቅናቴ ያኔ ጠፋ ብል ውሸት ነው። አፍሬ ደበቅሁት እንጂ። እሁድ ዕለት ግን፣ ያ ሁሉ ሰው እኔን ሲጠብቅ ሳይ፣ አርባ ዓመት የያዝኩትን አወጣሁት።

«ተስፋዬ፣ ያን ቀን እኮ አንተን ሳልጠብቅ ልበላ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለና ሳቀ። «ጣትህ ላይ ሽሮ አይቻለሁ። በል አሁን እጅህን ታጠብ፣ ርቦናል።»