ጭሷን ያቆመችው ትሬንታ ኳትሮ

ትናንት ጠዋት ሁለት ሰዎች ደባርቅ ቢሮዬ ድረስ መጥተው እጄን ጨበጡኝ። አንደኛው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ! አብዮቱ የሚፈልገው እንዳንተ ያለ ዓይን ነው» አለኝ።

ምን እንዳየሁ አልገባኝም ነበር...

ጓደኞቼ፣ ይህን ለእናንተ ብቻ ነው የምጽፈው። አንብባችሁ ስትጨርሱ እሳት አሳዩት።

ስንመረቅ እናንተን አዲስ አበባና ባሕር ዳር ሲያስቀሯችሁ፣ እኔን ለተሽከርካሪ ምርመራ ደባርቅ እንደጣሉኝ ታውቃላችሁ። በዓመት አንዴ የዳባትና የደባርቅ መኪና ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰለፋል። ፍሬን አያለሁ፣ መብራት አያለሁ፣ ጭስ አያለሁ። ያለፈው ቦሎ ይለጠፍለታል፤ የወደቀው ይቆማል።

የጭስ መለኪያ የለንም። ስለዚህ የራሴን ዘዴ ፈጠርኩ። ነጭ አቡጀዲ በሽቦ ወጥሬ ጭስ ማውጫው ፊት እይዛለሁ፣ ሾፌሩ ነዳጅ ይረግጣል፣ እኔ እስከ አስር እቆጥራለሁ። ጨርቁ ከጠቆረ መኪናው ወደቀ። ሳቁ ግድ የለም! እኔ ግን ኮርቼበት ጎንደር ላለው ዋና መሥሪያ ቤታችን ሪፖርት ሁሉ ጽፌበታለሁ።

አምና በዚህ ጨርቅ ከጣልኳቸው አንዷ የአያ ደሴ ትሬንታ ኳትሮ ናት። ከጣሊያን ዘመን የተረፈች አሮጌ የጭነት መኪና። አያ ደሴ የዳባት ሰው ነው፤ እህል ይጭንባታል። ሊማሊሞን ስትወጣ ጭሷ ማዶ ቡይት ራስ ተራራ ላይ ይታያል እያሉ ይቀልዱባታል። ሦስት ሳልቆጥር ጨርቄ ከሰል መሰለ።

«ወንድማለም፣ ሰባት ነፍስ ነው የምታበላው» አለኝ።

«አያ ደሴ፣ ሞተሯን ይቀይሩ። የተቀየረውን እኔ ራሴ አስመዘግብልዎታለሁ... ቃሌ ነው።»

ቃሌን ይዞ ሄደ።

ዘንድሮ ተመልሶ መጣ። ሌላ ሞተር ገጥሞላታል። አልገባ ያለውን የሞተር መቀመጫ የዳባት ባለእጅ ብረት ቀጥቅጦ አስተካክሎለታል። ኮፈኗ እንኳ ስላልከደነ በጠፍር ታስሯል። ጨርቄን ወጠርኩ። አስር ቆጠርኩ... ሃያ ቆጠርኩ... ነጭ! ሰልፍ ላይ ያሉት ሾፌሮች አጨበጨቡ። አንዱማ «የመምሬን ጥምጥም አጥባችሁ ጭስ ማውጫው ላይ ስጡላቸው!» ብሎ ሜዳውን በሳቅ ሞላው። አያ ደሴም ሳቀ።

የቀረው ቅጹን መሙላት ነው። የሞተር ቁጥር፣ ከየት እንደተገኘ። ኮፈኑን ከፍቼ ባይ ቁጥሩ ላይ ወፍራም ቀለም ተለቅልቆበታል። ሰንጢዬን አውጥቼ መፋቅ ጀመርኩ።

አያ ደሴ እጄን ያዘኝ። ሳቁ ጠፍቷል።

«ተው ወንድማለም። ጭሷን አይደል የምትፈትሽ? አየኸው። የድሮውን ቁጥር ጻፍና ልሂድ።»

«እንዴት ይሆናል? ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው! ይህ ከተመዘገበ ማንም አይነካዎትም።»

ቅጹንም እኔንም አየ። ከዚያ እጄን ለቀቀ። አሁን ሳስበው፣ ያን ጊዜ እጄን ባይለቀው ኖሮ...

ፋቅኩት። ቁጥሩ ወለል ብሎ ወጣ።

«ሞተሩን ከየት አገኙት?»

«ከሰው።»

«ከየትኛው ሰው?»

«ከሰው አልኩህ እኮ» አለና ጋቢናው ገብቶ መሪውን ጨብጦ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ቅጹ ላይ «ከሰው» ተብሎ አይጻፍም። ባዶ ቢተውም ጎንደር ይመልሱታል ብዬ ሰጋሁ። እናም ያው ትጋቴ አላስቀምጥ አለኝና፣ «የዚህ ሞተር የቀድሞ ባለንብረት ተጣርቶ በአስቸኳይ ይገለጽልን» ብዬ ቁጥሩን ጽፌ ለዚያው ለጎንደር ላክሁ። «በአስቸኳይ» የምትለዋን ከሥሯ አሰመርኩባት። ለአያ ደሴ ቦሎው ቶሎ እንዲደርስለት ብዬ!

የደብዳቤዬ መልስ ትናንት እጄን የጨበጡኝ ሁለቱ ሰዎች ናቸው።

ሞተሩ የአያ ደሴ ታናሽ ወንድም ይነዳው ከነበረ የመንግሥት መኪና የወጣ ነው አሉኝ። ወንድምዬው ከሁለት ዓመት በፊት ሊማሊሞ ሥር ከነመኪናው ተሰውሮ በረሃ ገብቷል። ሰውየውም መኪናውም ሲፈለጉ ኖረዋል። «አንተ ቁጥሩን ባትልክልን ወንድሙ ዘንድ የሚወስደንን ክር አናገኝም ነበር» አለኝ ሁለተኛው።

«አያ ደሴስ?» አልኩ።

«ወስደነዋል።»

«ወዴት?»

ሁለቱም ፈገግ አሉ። ደግሜ አልጠየቅኩም... ፈራሁ። እውነቱ ይኸው ነው።

ከሰዓት በኋላ ዳባት ወረድኩ። መኪናዋ አያ ደሴ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ የኮፈኗ ጠፍር ተፈቷል። ሚስቱ አሞሌ ጨው የምታህል ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ብድግ አለች።

«አንተ ነህ ልጄ፣ የደባርቁ? ደሴ ሲወስዱት እንኳ ‹ለዚያ ልጅ ንገሪው፣ ወረቀቴን እሱ ያስተካክልልኛል› ብሎኝ ነው የሄደ።»

እኔ ነኝ ያስወሰድኩት ልላት አፌን ከፈትኩ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብቻ አልኳት።

«ማመልከቻ ጻፍልኝ» አለች። «ጽሕፈትህ ያምራል አሉ።»

ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ጻፍኩላት። ሰባት ነፍስ እንደሚያስተዳድር፣ መኪናዋን የቀየረው ሕግ ለማክበር ብሎ እንደሆነ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ፊደል ባታውቅም እያንዳንዱን መስመር በዓይኗ ትከተላለች።

«ለማን ነው የምትልክልኝ?» አለችኝ ስጨርስ።

እኔ የማውቀው አድራሻ አንድ ብቻ ነው... የፊተኛውን ደብዳቤ የላክሁበትን፣ የጎንደሩን፤ ያንኑ ጻፍኩ፤ «በአስቸኳይ» የምትለዋን ግን ዳግመኛ ከሥሯ አላሰመርኩባትም።