ከጥርሴ ላይ የተነበበው ሕመም

ሐዋ ዛሬ የነቀለችልኝን የፊት ጥርስ በማጉያ መነጽር እያየች፣ «ቲቸር፣ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆንዎት በጽኑ ታመው ነበር?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። እናቴ «አንተ ታመህ አታውቅም፤ በሦስት ዓመቱ ታሞ የሞተው መንትያህ ነው» ትለኝ ነበር።

ሐዋን ሆሞሻ ሳለሁ አስተምሬአታለሁ። አሁን የጥርስ ሕክምናንና የምርምር ዶክትሬትን አንድ ላይ ትማራለች። (መጀመሪያ አንዱን ጨርሺ ብያት ነበር፤ አልሰማችኝም።)

«ወላሂ ቲቸር፣ የልጅነት ሕመም ጥርስ ላይ መስመር ትቶ ያልፋል። ለምርምሬ ይስጡኝ፤ ስሰነጥቀው ይበልጥ ይታያል።»

እንደ አገራችን ወግ ጓሮ ልቀብረው ነበር። ሰጠኋት፤ ያገኘችውን ግን እንዳትነግረኝ ለመንኳት።

ቤት ስገባ ባለቤቴ በስሜ ጠራችኝ። ስሙ የእኔ ይሁን የመንትያዬ እርግጠኛ ስላልነበርኩ ቶሎ አቤት ማለት አቃተኝ።

እናንተስ ስለ ልጅነታችሁ የተነገራችሁን የሚያናጋ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? እስቲ ጻፉልኝ።