ከመኪናው ሥር የሚመጣው «ሱታ»

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አምቦ ውስጥ ያረጁ መኪኖችን ሲጠግኑ ኖሩ። የላላ መሪ ሲፈትሹ መኪናው ሥር ይተኙና የመሪውን ዘንግ በባዶ መዳፋቸው ይይዛሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው «ሱታ፣ ልጄ፣ ሱታ» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። እኔም ወንበሩ ላይ ሆኜ መሪውን ቀስ አድርጌ አዞራለሁ።

አንድ ቀን የጊንጪ ሚኒባስ መጣ። ሹፌሩ «ኦቦ፣ መሪውን ቶሎ አጥብቁልኝ፣ ተሳፋሪ ይጠብቀኛል» አላቸው። ጋሼ መዳፋቸውን ከዘንጉ ሳያነሱ «የመሪው የውስጥ ጥርስ መሐሉ ላይ፣ ቀጥ ስትነዳ በሚሠራው ቦታ፣ ተበልቷል። ቀጥ ባለው መንገድ ነው የሚከዳህ» አሉት። ሲፈታ ጥርሱ መሐሉ ላይ ብቻ እንዳለቀ ሳሙና ሟሙቶ ተገኘ። ሹፌሩ አማተበ። እኔ የጋሼን መዳፍ አየሁት፤ የተዘጋ ብረት ውስጥ ያለውን በምን አወቀው? እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ጋሼን ከቀበርን በኋላ መኪናዬን ሌላ ጋራዥ ወሰድኩ። ወጣቱ መካኒክ ሥር ገብቶ «አዙሪ» አለኝ። መሪውን እንደጨበጥኩ ቀረሁ።

«ምነው፣ አዙሪ እንጂ!»

ለካ እጄ «ሱታ» እስኪባል እየጠበቀ ነው።