ክምሩ ሲያልበው

እኔ ከድሮም ሰማይ የማላምን ሰው ነኝ። ደመና ሳይ እጨነቃለሁ፤ ጥርት ብሎ ሳየው ደግሞ «ምን አስቦ ነው?» እላለሁ። ባለቤቴ «አንቺኮ ሳቅሽም ስጋት ነው» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ሱዳኖች አሮጌውን መሪያቸውን አውርደው፣ ወታደሮቹን ደግሞ «እናንተም ሂዱልን» በሚሉበት በዚያ ክረምት ግን በካርቱም ያልተጨነቀ ሰው አላየሁም። እሱ ብቻ ነበር የማይጨነቅ፤ የሱንም ድርሻ እኔው ስጨነቅለት ከረምኩ።

የምንኖረው ከሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ወዲያ፣ ቤቱ አልቆ ወንዙ በሚጀምርበት፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት አሮጊት እርሻ ውስጥ ነበር። ሐጃ እንላቸዋለን። ጥቂት ላሞችና እስከ ወንዙ የሚወርድ ጠባብ ማሳ አላቸው። ባለቤቴ ላሞቹን ያልባል፣ መኖውን ያጭዳል። እኔ አል-ጣኢፍ በሚሉት የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ ቆይቼ፣ ተኩሱ ሲበረታ አሠሪዎቼ አገር ለቀው ሲሄዱ ጓዜን ይዤ እሱ ጋ ገባሁ። አሠሪዎቼ ያወጡልኝ የመኖሪያ ካርድ ነበረኝ። እሱ ግን በመተማ በኩል በእግርና በጭነት መኪና ከመጣ ጀምሮ አንዲት ወረቀት አልነበረውም። የውጭ አገር ሰው ከመንገድ እየለቀሙ የሚወስዱበት አፈሳ አለ፣ ከሻ ይሉታል፤ ባለቤቴ እሱን ፈርቶ ከሐጃ ቆርቆሮ በር አልፎ አያውቅም። ፈርቶ ስል እኔ ፈርቼ ማለቴ ነው። እሱማ ብተወው ገበያ ወርዶ ይመለስ ነበር።

ማሳው ላይ የሚዘራው አቡ ሰብዒን የሚሉት የመኖ ማሽላ ነው። እርጥቡን ታጭዶ በየማለዳው በአህያ ጋሪ እየተጫነ ከብት ላለው ሁሉ ይሸጣል፤ ለሐጃ ላሞች የሚደርሳቸው ከሽያጩ የተረፈው ነው። ያን ክረምት ወታደሮቹን የሚቃወሙት ልጆች አስፋልቱን በድንጋይና በሚቃጠል ጎማ ዘጉት፣ ወታደሮቹ ደግሞ ድልድዩን ዘጉት። ጋሪዎቹ ቀሩ። ማሽላው ማንም ሳያጭደው ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። በዚህ ላይ ወንዙ መሙላት ጀመረ፤ በየቀኑ አንድ ትልም ይውጣል። ባለቤቴ ዳሩ ላይ ቆሞ ያንን ቀይ ውሃ ያይና «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል! እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጣ» ይላል። የጎጃም ሰው ነው፤ ወንዙን እንደ ዘመድ ነበር የሚሰድበው።

አንድ ቀን ሐጃ ላሞቻቸውን አንድ በአንድ ዳበሱና «ወንዙ ማሽላውን ሊጨርሰው ነው፤ መኖ ከሌለ ለአራጅ እሰጣቸዋለሁ። በሩን ቆልፌ ገጠር ልጄ ጋ እገባለሁ» አሉን። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት በሩን የሚለውን ብቻ ነው። በሩ ከተቆለፈ ባሌን የት ነው የማደርገው?

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ሐጃ» አለ ባለቤቴ። «ችግር የለም። ሁሉንም አጭደን ድርቆሽ እናደርገዋለን።»

«በዚህ ዝናብ?»

«ኢንሻአላህ።»

ኢንሻአላህ ማለት ይወዳል። ቀላል ናት፣ ምንም አታስጠይቅም።

ማጨድ ጀመርን። አጨዳውስ ይታጨዳል፤ ጭንቁ ማድረቁ ነው። ጠዋት እንበትነዋለን፣ ደመናው ሲመጣ እንሰበስበዋለን፣ ደመናው ሳይዘንብ ሲያልፍ እንደገና እንበትነዋለን። አንዳንዴ ካፊያ ጥሎ ይሄዳል፣ ከዚያ ፀሐይ ወጥታ ምድሩን ታፈላዋለች። ከወዲያ በኩል የተኩስ ድምፅ ሲሰማ እኔ መንሹን ጥዬ በሩን አያለሁ፣ እሱ ሰማዩን ያያል። ኢንተርኔቱ ተቆርጦ ስለነበር ምን እንደሆነ የሚነግረን የለም። የጎማ ጭስ ሲወጣ ብቻ ልጆቹ መንገድ እንደዘጉ እናውቃለን። ወገቤ ተቆርጧል፤ እንቅልፍም አልነበረኝም።

ሐጃ በአገራቸው ደንብ አገዳው በነዶ ታስሮ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ እንዲቆም ፈለጉ። «አገዳው ሲሰበር ቀጭ እስኪል አይከመርም» አሉ። ባለቤቴ ወይ ፍንክች! አገር ቤት ድርቆሽ የሚታጨደው ዝናቡ ካለፈ በኋላ በጥቅምት ነው፤ ሣሩም ቀጭን ነው። ቅጠሉ በእጅ ሲጨበጥ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል፤ ከዚያ ተከምሮ፣ በደንብ ተረግጦ፣ አናቱ እንደ ጎጆ ክዳን ይበጠራል። እጁ የሚያውቀው ያንን ነው። «የቆመ ነዶ ዝናብ ሲመታው ሾርባ ነው የሚሆነው፤ ያልተረገጠ ክምርም ክምር አይባልም» አለኝ። ይህንን ለሐጃ በዐረብኛ ማስረዳት ስላልቻለ ዝም ብሎ ፈገግ አለላቸው፤ እሳቸውም የተስማማ መሰላቸው።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ በምሥራቅ በኩል የክረምቱ ቡናማ አቧራ እንደ ግድግዳ ቆሞ መጣ። ሐጃ የራስ ጨርቃቸውን አፋቸው ላይ ጠቅልለው «ከኋላው ውሃ አለ! ያላ፣ ቶሎ በሉ!» እያሉ ጮኹ። ባለቤቴ ቅጠሉን ጨበጥ አደረገ፤ ተንኮሻኮሸ። «ደርቋል!» ብሎ መከመር ጀመረ። እኔ አቀብላለሁ፣ እሱ ይደረድራል፣ ላዩ ላይ ወጥቶ ይረግጣል። አቧራው ሲደርስብን ዓይናችንን ጨፍነን እየዳበስን ነበር። የመጨረሻውን አናቱ ላይ አበጥሮ ሲወርድ የመጀመሪያው ጠብታ ወደቀ።

ዝናቡ ሲወርድ አደረ። ጠዋት ክምሩ እንደተተከለ ምሰሶ ቆሞ አገኘነው። ባለቤቴ በጎኑ እጁን አስገብቶ አወጣና መዳፉን አሳየኝ፤ ደረቅ ነው። «አየሽ? ጠብ ያለበት የለም» አለ። ሐጃ እንኳ ዞረው ዞረው አይተው «ማሻአላህ» አሉ። እኔም እውነቴን ነው፣ የዚያን ቀን ደስ አለኝ። በሩ አይቆለፍም ብዬ ምሳ በላሁ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። በክምሩ አጠገብ ሳልፍ የድፍድፍ ሽታ ሸተተኝ፤ ጣፈጥ፣ ኮምጠጥ ያለ። ቀረብ ስል ፊቴን ሙቀት ገረፈኝ። ቅጠሉ ደርቆ ነበር እንጂ አገዳው ውስጡ እንደ ሸንኮራ ውሃ እንዳዘለ ነው፤ በዚያ ላይ ባለቤቴ እንደ ጥቅምት ሣር አጥብቆ ረግጦታል።

«ግሏል!» አልኩት።

«ያልበዋል እንጂ አልጋለም። እኛስ ስንሠራ አላበንም?»

«ተው አትቀልድ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ፤ ዛሬውኑ እናፍርሰው።»

«በዚህ ደመና? ፀሐይ ትውጣ፣ ያኔ እንበትነዋለን።»

እሱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ብናፈርሰው ዝናቡ ያገኘዋል፤ ብንተወው ውስጥ ለውስጥ ይበስላል። እኔ በየሰዓቱ እየሄድኩ እጄን እከታለሁ፣ በየሰዓቱ ይብሳል። እሱም እንደ ፈራ ያወቅኩት መቀለዱን ሲያቆም ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ሌላ ቀን መሸ።

በማግስቱ ጠዋት አየሩ ቀዝቅዞ ነበር። ከክምሩ አናት ነጭ እንፋሎት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ከመንገዱ ለሚያየው ሰው ጭስ ነው፤ ያን ሰሞን ደግሞ ካርቱም ውስጥ ጭስ የሚያወጣ ሰው ጎማ የሚያቃጥል ሰው ብቻ ነበር። እኔ ይህን ሳስብ አንድ መኪና መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። «ግባ ማሳው ውስጥ! ተኛ!» አልኩት ባሌን። ወንዙ ዳር ያልታጨደ ማሽላ ቀርቶ ነበር፤ ሮጦ ገባ። ሐጃ በሩን ከፈቱ፤ ባይከፍቱትም ይሰብሩት ነበር።

ወታደሮች ናቸው፤ በፒክአፕ የመጡ። አለቃቸው ረጅም ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። «ለሳቲክ ወይን?» አለ። ጎማው የት ነው ማለቱ ነው።

«ምን ጎማ? ሣር ነው!» አሉ ሐጃ።

«ሣር ይጨሳል እንዴ?»

አንዱ ወታደር እጁን ሰደደና እየተራገመ መልሶ አወጣው። ያ ጥርጣሬያቸውን አባሰው፤ ከሥሩ እሳት ተቀብሯል ብለው አመኑ። ሐጃ ሄደው ጀርባቸውን ለክምሩ ሰጥተው ቆሙ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው። «የላሞቼ ምግብ ነው፤ እኔን ሳትገድሉ አትነኩትም» አሉ። ወታደሮቹ እሳቸውን አልነኩም፤ በግራና በቀኛቸው ሥሩን በመንሽ መቦርቦር ጀመሩ። እኔ ዓይኔን ከጠመንጃዎቹ አልነቀልኩም። በልቤ የምለው አንድ ነገር ነበር፦ ዝም ብለህ ተኛ፣ ዝም ብለህ ተኛ።

አልተኛም። ከማሽላው ውስጥ እየጮኸ ወጣ፤ ዐረብኛው ጠፍቶበት በአማርኛ «ተዉት! ተዉት እናንተ ሰዎች!» እያለ። ጠመንጃው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ነፍሴ ወጣች። እሱ ግን አላያቸውም፤ በመካከላቸው አልፎ ትከሻውን ለክምሩ ሰጠው። ከዚያ በእጁ ምልክት እያሳየ ከአናቱ ጀምሮ መፍረስ እንዳለበት ነገራቸው፤ ወጥቶም ራሱ ያፈርሰው ጀመር። ወታደሮቹ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። መሀሉ ላይ ሲደርስ አገዳው እንደ ተቆላ ገብስ ጠቁሮ፣ እንፋሎቱ ፊቱን ሸፍኖት ነበር። መሬቱ እስኪታይ አወረደው። ጎማ የለም።

አለቃው አሳለና የክምሩን ትራፊ በጫማው ነካ ነካ አደረገ። ያፈረ መሰለኝ። ይሄዳሉ ብዬ ማርያምን መለመን ጀምሬ ነበር። ከዚያ ቀና አለና «ሐበሺ? ካርቱ ወይን?» አለ።

ሐጃ «ልጄ ነው» አሉ። ካርዴን አምጥቼ ሰጠሁት፤ «ያንቺን ማን ጠየቀሽ?» ብሎ መለሰልኝ። የጫማ ማሰሪያውን እንኳ ሳያስር ባሌን ጭነውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ከሐጃ ጋር ያልረገጥነው የፖሊስ ጣቢያ የለም። ከወንዙ ማዶ ቡሪ ድረስ ሁሉ ሄደናል፤ አንዱ ወደ ሌላው ይልከናል፣ ድልድዩ ሲዘጋ በመጣንበት እንመለሳለን። የባሌ ስልክ አልጋው ላይ ቀርቷል። በየመሀሉ ያልጠቆረውን አገዳ እየለየን እንደ ሐጃ ደንብ በነዶ አሰርነው፣ አቆምነው። ዝናብ መታው፣ ፀሐይ አገኘው፣ ነፋስ በመሀሉ አለፈበት፤ ደረቀ። ላሞቹ አልተሸጡም። እያንዳንዱን ነዶ ሳስር ባሌን ስሰድበው ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ በሰው ተናድጄ አላውቅም። ለክምሩ ብሎ፣ ሰው ሥራዬን አበላሸብኝ ብሎ፣ ጥሎኝ ሄደ! አንድ ጊዜ ብቻ ዝም ብሎ መተኛት አቅቶት! ሐጃ ሲያለቅሱ ሳይ እንኳ አልራራም፤ እሳቸውም ለድርቆሹ የሚያለቅሱ ይመስለኝ ነበር።

ድርቆሹ ተበልቶ አልቆ፣ ወንዙም ጎድሎ፣ ላሞቹ እርጥብ መኖ መብላት ከጀመሩ በኋላ አንድ ቀን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። እሱ ነው። ድንበር አሻግረው መተማ ጥለውታል፤ መንገድ ላይ አሞት የነበረው እግሩ ድኗል፣ የሰው እርሻ ላይ ቀን ሥራ ይውላል። አለቀስኩ፣ ከዚያ ንዴቴ መጣ።

«ለምን ወጣህ?» አልኩት። «ለአንድ ክምር ድርቆሽ ብለህ?»

«የምን ድርቆሽ?» አለ።

«ዝም ብለህ ብትተኛ ምን ነበረበት?»

«ሐጃ ከሥሩ ቆመው ነበር እኮ» አለ። «በግራና በቀኛቸው ሥሩን ሲቦረቡሩት ክምሩ ወደሳቸው አዘንብሎ ነበር። አላየሽም እንዴ?»

አላየሁም። እኔ ያየሁት ጠመንጃዎቹን ብቻ ነው። ሐጃ አጠገቤ ቆመው «እሱ ነው? እሱ ነው?» እያሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ስልኩን ሰጠኋቸው።