የጋሽ አፈወርቅ ጆሮ

መሐል ሜዳ ከተማ ጋሽ አፈወርቅን የማያውቅ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርተዋል። የወፍጮው ኩሽኔታ ሊሰበር ሦስት ቀን ሲቀረው "ይቺ ማልቀስ ጀምራለች" ብለው ያቆሙት ነበር አሉ። ገብሱን ተሸክሞ የመጣው ሰው ይነጫነጫል፤ ሲከፈት ግን እውነትም ውስጡ ተበልቶ ይገኛል። ወፍጮ ቤቱ ሲዘጋ አቶ ይሥሐቅ የሚባል ተቋራጭ አፈርና ድንጋይ ለምትጭንለት ትንሽ ሎደሩ መካኒክ አድርጎ ቀጠራቸው።

ሎደሯ እንደ መኪና ጎማ የላትም። በሁለት ጎኗ ወፍራም የላስቲክ ሰንሰለት ነው የታጠቀችው። ሰንሰለቱ ውስጥ በየጎኑ አምስት አምስት ሮለር አለ፤ ክብደቷን ተሸክሞ የሚሽከረከር ድቡልቡል ብረት። ትንሽ ስለሆነች "ግልገሏ" እንላታለን። ነጂዋ እኔ አባይነህ ነበርኩ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል የተባረርኩት የዳይሬክተሩን ድምፅ አስመስዬ ሰልፍ ስለበተንኩ ነው፤ ሥራ ላይም አርፌ አልተቀመጥኩም። የአቶ ይሥሐቅን "ጊዜ! ጊዜ! ጊዜዬን በላችሁት!" ከድንጋይ ክምር ጀርባ ሆኜ ስለው ያ ሁሉ የተቀመጠ ሰው ብድግ ብሎ አካፋ ያነሳ ነበር።

ከከተማው ወደ ቀየት መውጫ ላይ የውሃ ቦይ እየሠራን ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኛ ሥራ ስናቆም የጋሽ አፈወርቅ ሥራ ይጀምራል። መጀመሪያ ጭቃ። የኛ አገር ጥቁር አፈር ሰንሰለቱ ውስጥ አድሮ ውርጭ ከመታው ድንጋይ በሉት። ጠዋት ሮለሩ አልዞር ይላል፣ ሰንሰለቱ ላዩ ላይ እየተጎተተ ይበላዋል። ስለዚህ መሬት ላይ በሆዳቸው ተኝተው በእንጨትና በብረት ይፈለፍሉታል። ከዚያ በክሪክ ያነሷትና የሰንሰለቱን ርግበት በጣት ይለካሉ።

"አየህ ልጄ፣ ይሄ የበሬ ማነቆ ማለት ነው" ይሉኛል። "ካላላኸው ቀንበሩን ጥሎ ይሄዳል። ካጠበቅኸው ደግሞ ታንቀዋለህ።"

ከላላ መወጠሪያው ውስጥ ግራሶ ጨምረው ያጠብቁታል። መጨረሻ ላይ ሮለሮቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ያዞራሉ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ልክ ንስሐ እንደሚቀበል ቄስ።

እኔ የገባሁት እዚህ ጋ ነው። አንድ ቀን በወዲያኛው ጎን ቁጢጥ ብዬ፣ ሦስተኛውን ሮለር ሲያዞሩ ምላሴን ከጥርሴ አጣብቄ "ጭርርር… ቋ" አልኩ። ዘይት የጨረሰ ብረት ቁርጥ! ጓደኛዬ ኪዳነ ሳቁ እንዳያመልጠው ጋቢውን ነከሰ።

"ኧረ? ይቺ ደርቃለች" አሉ ጋሽ አፈወርቅ።

በማግስቱ ሰንሰለቱ ወለቀ፣ ሮለሩ ተፈታ፣ ግልገሏ ቀኑን ሙሉ ቆመች። ሲከፈት ውስጡ ንጹሕ፣ ዘይቱ ሙሉ። "ተሳስቻለሁ" አሉና መልሰው ገጠሙት። በሁለተኛው ሳምንት ሌላኛው ሮለር ላይ ደገምኩት። ያኔ አቶ ይሥሐቅ ራሱ መጣ።

"ጋሼ፣ ዕድሜዎን አከብራለሁ። ግን አንዴ እንኳን ተሳስተው ሥራ ካስቆሙኝ ሌላ መካኒክ ነው የማመጣው።"

ጋሽ አፈወርቅ ጆሯቸውን በጣታቸው ቆፈር ቆፈር አደረጉ። እኛ ደግሞ ማታ ጠላ ቤት ያቺን አቆፋፈር እየደገምን ሳቅን። እኔ ነበርኩ ደጋሚው።

ከዚያ ሳምንት ሙሉ ጠፉ። ሲመለሱ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። በዚያው ቀን ሮለር ማዞር ጀመሩ፣ እኔም ከወዲያ በኩል ቆሜያለሁ። አራተኛው ላይ "ጭርርር" አለ።

እኔ አይደለሁም። አፌ ዝግ ነው።

ኪዳነ ጠቀሰኝ። "ዛሬስ ተራቀቅህ!" አለኝ በሹክሹክታ። ጋሽ አፈወርቅ ዓይናቸውን ገልጠው በሰንሰለቱ ክፍተት አዩኝ።

"አባይነህ፣ ሰማህ እንዴ?"

"ምኑን?"

"ምንም ድምፅ አልሰማህም?"

ሰማሁ ብል ያለፉት ሁለቱ ድምፆችስ ከየት መጡ ሊባል ነው። እነ ኪዳነ አፍ አፌን ያዩኛል። "ኧረ ምንም፣ ጋሼ" አልኩ።

ፈገግ አሉ፣ ያፈረ ሰው ፈገግታ። "እሺ፣ ጆሮዬ ናት እንግዲህ" ብለው አለፉት።

በማግስቱ ድንጋይ ጭኜ ቁልቁለት ስወርድ ያ ሮለር ድርቅ ብሎ ቆመ። ሰንሰለቱ ወለቀ፣ ግልገሏ በጎኗ ተንሸራታ ከቦዩ የድንጋይ ካብ ጋር ተላተመች። እኔ ደህና ወጣሁ፤ ሰንሰለቱ ግን ተቀዷል። አቶ ይሥሐቅ እየሮጠ መጣ። አፉን ሳይከፍት ጋሽ አፈወርቅ ቀደሙት።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ሰምቼ ነው ያለፍኩት።"

መፍቻቸውን በጨርቅ ጠርገው ሣጥናቸው ውስጥ ከተቱና ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ያስመሰልኩት ሰው ብዛቱ፣ በራሴ ድምፅ ግን አንድ ቃል መናገር አቃተኝ።

እሁድ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ወሰንየለሽ በር ላይ ተቀበሉኝ።

"ግባ ልጄ፣ ጎሽ መጣህ። ጆሮው አልሻል አለው እኮ። ሰባት ቀን ሙሉ ጸበል ተነከረ፣ በዚህ ውርጭ! ያ ወፍጮ ነው የበላብኝ።"

ገባሁ። ጋሽ አፈወርቅ ከመደቡ ላይ ሆነው መዳፋቸውን ከጆሯቸው ጀርባ ደቀኑ። "አባይነህ ነህ? ጠጋ በልና ጮክ ብለህ ንገረኝ።"

ጠጋ አልኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁ "ጭርርር… ቋ" አልኩ።

ደነገጡ። "እስቲ ድገመው።"

ደገምኩት።

"የመጀመሪያው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ሁለተኛውስ?"

"እኔው ነኝ፣ ጋሼ።"

"ሦስተኛውስ?"

"እሱ የእውነት ነው። እኔም ሰምቼው ነበር።"

እትዬ ወሰንየለሽ "ሰባት ቀን!" አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ጥፊ ጠብቄ ነበር። ጋሽ አፈወርቅ ግን እንደ ልጅ ፈነጠዙ። "ወሰን! ሰማሽ? ጆሮዬ ደህና ናት!" በጥፊ ቢያጠናግሩኝ ይሻለኝ ነበር። ደስታቸውን ማየት አልቻልኩም፣ መሬት መሬት አየሁ።

ሰኞ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ተናገርኩ። አቶ ይሥሐቅ ከግልገሏ መቀመጫ አወረደኝ፤ አሁን አካፋ ነው የያዝኩት። ጋሽ አፈወርቅን ደግሞ ራሱ ሄዶ ለምኖ መለሳቸው። እሳቸውም አንድ ነገር አሉ፦ "ጭቃውን እሱ ይፈልፍል። ሮለር ሳዞር ደግሞ አፉን ውሃ ይሙላ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ይሄው አሥራ አንድ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ከጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ጎርሼ እቆማለሁ። ቅዝቃዜው ጥርስ ያረግፋል። ጋሽ አፈወርቅ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ያዞራሉ። አንዱ ሮለር ትንሽ ድምፅ ካሰማ ወዲያው አይናገሩም። ብድግ ብለው መጥተው ጉንጬን በጣታቸው ጫን ያደርጋሉ፤ ውሃው መኖሩን ሲያረጋግጡ ነው "ይቺ ትፈታ" የሚሉት።