በሁለት መዝገብ ላይ የተጻፈች ሚስት

ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ሐዋሳ የነበሩኝ ጎረቤት ሲያርፉ ኑዛዜ አልተዉም፤ ልጅም አልነበራቸውም። የቀሩት ብዙ ዓመት አብረዋቸው የኖሩት እትዬና ከይርጋለም የመጣው ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። ወንድምየው ለቅሶ ላይ እንግዳ ሲቀበል «የወንድሜ ባለቤት ናት» ማለቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ግን የወንድሜ ቤት ይገባኛል ብሎ ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ አመለከተ። ማስረጃው የቀበሌው መዝገብ ነበር፤ እትዬ እዚያ ላይ «ደባል» ተብለዋል፣ ተጠግተው የሚኖሩ ማለት ነው።

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋዜጠኛ ስለሆንኩ ጽሕፈቴ ይነበባል ብለው ቤት ለቤት ምዝገባው ላይ መድበውኝ ነበር። ያኔ በደርግ አዋጅ ለባልና ሚስት ከአንድ ቤት በላይ አይፈቀድም ነበር፤ ትርፉ ይወረሳል፤ እትዬ ደግሞ መናኸሪያ አጠገብ ከአባታቸው የቀረች ሁለት ክፍል ቤት ነበረቻቸው። ጋሼ «ደባል ብለህ እለፍ» አሉኝ። ጻፍኩ፣ አለፍኩ።

ሸንጎው ለምስክርነት ጠራኝ። ዳኛው የቀበሌውን መዝገብ ገልጠው የእድሩን ከጎኑ አስቀመጡ። እድሩ ላይ እትዬ «ባለቤት» ናቸው።

«ይህ የማን ጽሕፈት ነው?»

«የእኔ።»

«ያኛውስ?»

የእድሩም ጸሐፊ ነበርኩ። «እሱም የእኔ።»

ከኋላ አንዱ «በአንድ ብዕር አጋብቶ በዚያው ፈታቸው» አለ። ሰው ሳቀ።

«ጓድ ጋዜጠኛ፣ የትኛው ነው ልኩ?»

ሚስት ናቸው ብል የአባታቸው ቤት ትወረሳለች። ደባል ብል ከሚኖሩበት ይወጣሉ። ግራ ገባኝ። «ሁለቱንም እንደነገሩኝ ነው የጻፍኩት» አልኩ። እውነት ነበር፤ ለማንም ግን አልጠቀመም።

እትዬ ተነሡ። «እሱን ተዉት። ሚስቱ ነኝ። ያችኛዋን ውሰዷት።»

«እኔስ መች ሚስቱ አይደለችም አልኩ?» አለ ወንድምየው። «መዝገቡ ነው ያለው።»

ሸንጎው የሚኖሩበትን ቤት ለእትዬ አጸና። በማግስቱ የመናኸሪያዋን ቤት ቁልፍ ለማስረከብ ቀበሌ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ ቁልፉን ተቀብሎ መዝገቡን ወደ እኔ ገፋ፤ «አርመው» አለኝ። «ደባል»ን ሰረዝኩና ስማቸውን ወደ አባወራው ቦታ አወጣሁት። «ከአባወራው ጋር ያለው ዝምድና» የሚለው ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። አባወራዋ አሁን እሳቸው ናቸው።

«ምን ልበል፣ እትዬ?»

ጎንበስ ብለው አዩት። «እኔ ምን አውቄ» አሉ።

ባዶውን ተውኩት።